በናቱስ?

በዚህ ጽሑፍ የሰው ስም አልጠራም። ስም መጥራት ሥራዬ ነበር። ከልጅነቴ እስከ ሽምግልናዬ በየዳሱ እየዞርኩ የሰውን ስም ከአባቱ፣ ከአያቱና ከቅድመ አያቱ ጋር በማሲንቆ ስጠራ ኖርኩ። ከጠራኋቸው ሁሉ አንዱን ባልጠራው ኖሮ ዛሬ ወረቀት ይዤ አልቀመጥም ነበር። ስለዚህ የዚህ ታሪክ ሰዎች፣ የሞቱትም ያሉትም፣ ስማቸው ከእኔ አፍ ይረፍ።

«አዝማሪ ደግሞ መጻፍ ከየት አመጣ?» የሚል አይጠፋም። አባቴ አዝማሪ ነበር፤ እኔን ግን ከዚህ ሥራ ሊያወጣኝ ፈልጎ ደብረ ወርቅ ከአንድ የኔታ ዘንድ አስገባኝ። ፊደል ቆጠርኩ፣ ዳዊት ጀመርኩ። ዳዊቱን ሳልጨርስ አባቴ ሞተ፤ ማሲንቆው ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። አንድ ጊዜ እናቴን ልጠይቅ ስሄድ አውርጄ ነካካሁት። የሰማ ጎረቤት ወሬውን ለየኔታ አደረሰ። ስመለስ ደጅ ላይ ቆመው ጠበቁኝና «እሱን የምትነካ ከሆነ ወደዚህ አትምጣ» አሉኝ። እናቴና ሁለት እህቶቼ ቤት ውስጥ የሚላስ የሚቀመስ አልነበረም። ዳዊት በመድገም ወዲያው እህል አይገኝም፤ በማሲንቆ ይገኛል። በዚህ ሁኔታ አዝማሪ ሆንኩ።

ስለ ሥራው ክብር የሚያወራ ሰው ሲያጋጥመኝ ይገርመኛል። ዳስ ውስጥ ሲሞቃቸው «አበጀህ! ልጅ ይውጣልህ!» ይሉሃል። በማግስቱ ልጃቸውን ለጋብቻ ብትጠይቅ ደግሞ «የአዝማሪ ዘር!» ብለው ውሻ ይለቁብሃል። እኔ የአገሩን ሁሉ ዘር ስቆጥር የእኔን ዘር የቆጠረልኝ ሰው አልነበረም። ይህ ያኔም ያንገበግበኝ ነበር፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

አዝማሪ ሲባል ሰው ዘፈንና እስክስታ ብቻ ይመስለዋል። በእኛ አገር ትልቁ ሙያ ዘር መቁጠር ነው። ድግስ ስትጠራ በጊዜ ትደርስና ጠላ ወደሚቀዳበት ጓዳ ትገባለህ። አሮጊቶቹን፣ ሽማግሌዎቹን፣ ሞግዚቶቹን ታዋራለህ። ጌትዬው የማን ልጅ ነው? አያቱ የት አገር ገዛ? በክፉ ቀን ማንን አበላ? ይህን ሁሉ በልብህ ይዘህ ዳስ ውስጥ ስትገባ በመጀመሪያ በአባቱ በኩል ወደ ላይ ትወጣለህ፤ ከዚያ ተመልሰህ በእናቱ በኩል ትወጣለህ። የእናትን ወገን መዝለል ነውር ነው፤ ሰውዬውን እናትህ ከሜዳ የተገኘች ናት እንደ ማለት ይቆጠራል። አዝማሪው ረስቶ እንደሆነ ከተቀመጡት አንዱ «በናቱስ?» ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ መመለስ ግድ ነው። ሳይመልስ የቀረ አዝማሪ «አያውቅም» ተብሎ ስሙ ይጠፋል፤ ስሙ የጠፋ አዝማሪን ደግሞ ማንም አይጠራውም። እኔ «በናቱስ?» ተብዬ መልስ አጥቼ አላውቅም ነበር። በዚህ እኮራ ነበር፤ ኩራቴንም የሚያክል አልነበረም።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ምሽጉን መሥራት ሲጀምር የእኛ ሥራ ሞተ። ሰው ለመሰብሰብ ፈቃድ ያስፈልግ ጀመር። ሠርግ ያለ ከበሮ፣ እንደ ስርቆት በሹክሹክታ ይደገስ ነበር። ባለ ጠጋው ከብቱን ቆላ አሽሽቷል፤ ጎበዙ ወይ ጮቄ ተራራ ወጥቷል ወይ ለጣሊያን ገብቷል። ሙገሳ የሚሻ ሰው ጠፋ፤ የሚሻውም ቢኖር በየትኛው ወገን እንደሚሞገስ አያውቅም።

መንገዱም ለእኛ ክፉ ሆነ። አዝማሪ ቤት ለቤት ስለሚዞር ሁለቱም ወገን ሰላይ ያደርገዋል። ወደ ደብረ ማርቆስ ስወርድ ኬላ ላይ አንድ አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ ወታደር፣ አስቆመኝና «እዚህ ውስጥ ወረቀት ደብቀሃል» ብሎ የማሲንቆዬን ቆዳ በሳንጃ ሰነጠቀው። ባዶ መሆኑን ሲያይ ሳቀ፣ አስካሪዎቹም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ? በሌላ ጊዜ ደግሞ ከጮቄ ሥር የጫካ ሰዎች ያዙኝና «ባንዳ ቤት የሚዘፍን ሰው ጆሮው የማን ነው?» ብለው ከግራር ጋር አስረው አዋሉኝ። ማታ የፈቱኝ አንዱ ሽማግሌ አባቴን ስለሚያውቅ ነው። ቆዳውን በፍየል ሌጦ አስጠገንኩት። ለማሲንቆው ጭራ የሚሆን የፈረስ ጅራት ግን አጣሁ። ፈረሱ ወይ ጫካ ገብቷል ወይ ጣሊያን ወስዶታል። የሳሳውን አሮጌ ጭራ ሙጫ እየቀባሁ አንድ ዓመት ገፋሁበት። ሚስቴ እንጨት እየለቀመች ትሸጥ ነበር። እኔ የአገሩ አንደኛ ዘር ቆጣሪ፣ ሚስቴ በለቀመችው እንጨት ቆሎ እበላ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ ከይጁቤ ወዲያ ካሉ አንድ ባላባት ቤት መልእክተኛ መጣልኝ። ባላባቱ ለጣሊያን ገብተው ሹመት የተቀበሉ፣ ጠመንጃ የተሰጣቸው ሰው ናቸው። ሰው በጓሮ «ባንዳ» ይላቸዋል፤ እኔም በልቤ እንደዚያው እል ነበር። ሴት ልጃቸው ሰማንያ ቀኗ ደርሶ ክርስትና ልትነሳ ነው። የደብረ ማርቆሱ የጣሊያን አዛዥ በእንግድነት ይገኛል፤ ስለዚህ ፈቃድ አለ፣ ዳስ አለ፣ በሬ ተጥሏል። መልእክተኛው ይህን ሲነግረኝ ለአገሬ አላዘንኩም። ደስ አለኝ። ሥጋ ልበላ ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ እውነቱ ይኸው ነው።

እንደ ልማዴ በጠዋት ደረስኩና ጋኖቹ ወደተደረደሩበት ጓዳ ገባሁ። አሮጊቶቹን ማዋራት እንደጀመርኩ የቤቱ እመቤት፣ የባላባቱ ሚስት፣ ገቡና ሴቶቹን በዓይን አስወጧቸው። አራስነታቸው ገና ከፊታቸው አልለቀቀም። የወርቅ ጉትቻ አድርገዋል፤ ደጅ ደጁን ግን ያዩ ነበር። ያኔ እንግዳ የሚጠብቁ መሰለኝ።

«ስማ አንተ» አሉኝ። «ጌታህን ስታሞግስ በአባታቸው በኩል የፈለግኸውን ያህል ውጣ። በናታቸው በኩል ግን እንዳትደርስ።»

«እንዴት እሜቴ? እናት የሌላቸው ይመስላል እኮ።»

«ይምሰል።»

«ነውር ነው፣ እሜቴ። ሰው ምን ይለኛል?»

«ነውሩ በኔ ይሁን አልኩህ! በማርያም፣ አፍህን ሰብስብ። ስትጨርስ ስንቅህን ሞልቼ ነው የምሰድህ።»

እሺ ብዬ እጅ ነሳሁ። ሲወጡ ግን ንዴት ያዘኝ። የባላባቱ እናት የማን እህት እንደነበሩ አውቃለሁ። ወንድማቸው ጣሊያን ከገባበት ቀን ጀምሮ ጮቄ ላይ የሸፈቱ፣ አስካሪ በስማቸው የሚሸበርባቸው ሰው ነበሩ። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል። የማያውቁት ጣሊያኖቹ ብቻ ነበሩ፤ ያላወቁትም ማንም ስላልነገራቸው ነው። ባላባቱን የሚጠላ ጎረቤት ነበር፤ ድንበር የሚካሰሳቸው፣ ሹመታቸውን የሚመኝ ሰው ነበር። አንዱም ያን ነገር አልተናገረም። አንድ አገር ሙሉ፣ ወዳጅም ጠላትም፣ ሁለት ዓመት አፉን ዘግቶ ኖሯል። እኔ ግን ያን ሰዓት እንደዚህ አላሰብኩም። እመቤቲቱ በሸፈተ ዘመድ ያፈሩ መሰለኝ። ፈረንጅ ስለወደዱ አማቻቸውን የካዱ መሰለኝ። ፍርሃታቸውን ንቀት ብዬ ተረጎምኩትና በልቤ ተቀየምኳቸው።

ዳሱ ሞልቶ ነበር። አዛዡ ከላይ በኩል በሚታጠፍ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አስተርጓሚው ከጎኑ። ባላባቱ አዲስ ካባ ደርበው በቀኝ፣ ቀሳውስቱ በግራ፣ የቀረው ሰው ደግሞ እንደየማዕረጉ። ከእኔ አጠገብ፣ ከበሩ በኩል፣ አንድ ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌ ነበሩ። ከባላባቱ እናት አገር በእግራቸው ተጉዘው የመጡ ድሃ ዘመድ ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠራቸውም፤ ሥጋውም ሲዞር መጨረሻ ላይ ነው የደረሳቸው።

ሰው ሥጋ ይበላል እንጂ አልሞቀውም። አዛዡ ሁለት ጊዜ ሲያዛጋ አየሁት። ሰዎቹ ጠጁን ይጠጣሉ፤ ፊታቸው ግን እንደ ለቅሶ ቤት ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ዳስ የናፈቀው አዝማሪ እንዲህ ያለ ዳስ ሲያጋጥመው ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ያውቃል። ሞት ነው። ያለኝን ሁሉ አወጣሁ፤ ያ የሳሳ ጭራ እስኪበጠስ ገዘገዝኩት። በባላባቱ አባት በኩል መውጣት ጀመርኩ፦

«በአባቱ ብትሉኝ የገብስ ጌታ ነው፣
ጎተራውን ከፍቶ ክረምት የሚያልፈው።»

እዚህ ላይ ጥቂት ሰው ራሱን ነቀነቀ። ባላባቱም ፈገግ አሉ። ወደ አያታቸው፣ ወደ ቅድመ አያታቸው ወጣሁ፤ የገዙበትን አገር፣ የተከሉትን ደብር ጠራሁ። ዳሱ ሲለሰልስ ይሰማኝ ጀመር። አንዱ «እሰይ!» አለ። ሌላው «አበጀህ!» አለ። አስተርጓሚው ከአዛዡ ጆሮ አይለይም፤ አዛዡም ማዛጋቱን ተወ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሰው ሆንኩ። የአባትን ወገን ከላይ አድርሼ ጨረስኩ፤ ከዚያ እንደ ታዘዝኩት ዘልዬ ወደ ምርቃቱ ልገባ ስል ሽማግሌው ከአጠገቤ በሚጮህ ድምፅ፦

«በናቱስ?» አሉ።

መስማት የማይችል ሰው ሲናገር ይጮሃልና ዳሱ ሁሉ ሰማ። ሁሉም ዝም አለ። ዛሬ ያ ዝምታ ምን እንደነበር አውቃለሁ፤ ሁለት ዓመት ዝም ብሎ የኖረ አገር እስትንፋሱን መያዙ ነበር። ያኔ ግን እኔን የሚጠብቁ መሰለኝ። «ያውቃል ወይስ አያውቅም?» የሚሉ መሰለኝ። እመቤቲቱን ፈለግኋቸው፤ በጓዳው መጋረጃ በኩል ቆመዋል፤ ራሳቸውን አልነቀነቁም፣ እጃቸውን አላነሱም፤ ዓይናቸው ብቻ እኔ ላይ ነበር። አየኋቸው። እንዳላየ ሆንኩ። ደጋኔ ቆሞ አያውቅም፤ ያን ቀንም አልቆመም፦

«በናቱ ብትሉኝ አጎቱን ልጥራ፣
ጮቄን ቤት ያደረገ የጎበዝ አውራ።»

አስከትዬም ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነፈረስ ስማቸው ጠራሁ።

ሽማግሌው ብቻ «እሰይ! ይኸውልህ!» ብለው ተነሱ፤ እንባቸው መጣ። ባላባቱ የያዙት ዋንጫ ጉልበታቸው ላይ ቆመ። ከዚያ እሳቸው ቀድመው ሳቁ፤ የዳሱም ሰው ዘግይቶ አብሮ ሳቀ። አዛዡ አስተርጓሚውን አንድ ነገር ጠየቀው። አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞሮ በትሕትና፦

«የናታቸው ወንድም ነው ያልከው? የአንድ እናት ልጆች ናቸው?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ እስከዛሬ በየቀኑ እሰማዋለሁ። «እንደዚያ ማለቴ አይደለም፣ የግጥም ነገር ነው» ብል ይበቃ ነበር። «በሩቅ ዘመድ ናቸው» ብል ይበቃ ነበር። እኔ ግን የሙያ ጥያቄ መሰለኝ። ዘር ቆጣሪ ስለ ዘር ተጠይቆ ሲንተባተብ ሊታይ ነው? ደረቴን ነፋሁና፦

«የአንድ እናት፣ የአንድ አባት!» አልኩት።

አዛዡ አጨበጨበ። ከወንበሩ ተነሥቶ የለበሰውን ካፖርት አወለቀና በራሱ እጅ ትከሻዬ ላይ አደረገልኝ። የጮቄ ንፋስ ገና ከጥቅምት ጀምሮ አጥንት ይሰብራል። ካፖርቱ ይሞቃል፤ ውስጡ ሱፍ ነው። እጁን ስሜ ተቀበልኩ። ማታ ቤቴ ስገባ ጠግቤ ነበር፣ ሞቆኝ ነበር፤ እንደ ልጅ ነበር ደስ ያለኝ።

ሚስቴ ካፖርቱን አየችና ምን እንደዘፈንኩ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

«እመቤቲቱ አትንካ ያሉህን ነካህ?»

«በናቱስ ተባልኩ እኮ።»

«እና ቢባልስ?» አለች። «አላውቅም ብትል ምን ይቀርብሃል፣ አንተዬ?»

እሷ እንጨት ለቅማ የምታበላኝ ሴት ናት፤ ስሙ የጠፋ አዝማሪ ምን እንደሚቀርበት ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም ያን ጠየቀችኝ። ካፖርቱን ከሥሯ አላነጠፈችውም፣ ከላይዋም አልደረበችውም፤ ሌሊት ብርድ እያንቀጠቀጣት ከወዲያ ዞራ ትተኛ ነበር።

በአራተኛው ቀን ባላባቱ ለስብሰባ ተብለው ወደ ደብረ ማርቆስ ተጠሩ። በበቅሏቸው ሄዱ። ከሁለት ቀን በኋላ በቅሎዋ ብቻዋን መጣች። ከዚያ አስካሪዎች መጥተው ጎተራውን አራገፉት፤ በሬዎቹን ነድተው ሄዱ። እመቤቲቱ ሕፃኗን አዝለው ወደ አባታቸው አገር ተመለሱ። ይህን የሰማሁት ገበያ ላይ ነው፤ ያወራው ሰው እኔን ሲያይ ወሬውን አቋረጠና ስለ ጨው ማውራት ጀመረ።

ወሬው ሲጠራ ሌላም ነገር ወጣ። እኛ ባንዳ ያልናቸው ሰው ጎተራቸውን በየክረምቱ ለሁለት ይከፍሉት ነበር፤ ግማሹ ሌሊት ሌሊት በአህያ ወደ ጮቄ ይወጣል። ከጣሊያን የተቀበሉት ጥይትም እንደዚያው። ጎተራውን ከፍተው ክረምት የሚያልፉ መሆናቸውን በዘፈኔ ተናግሬ ነበር፤ ሳላውቀው እውነት ተናግሬአለሁ። ጠጃቸውን እየጠጣሁ፣ ሥጋቸውን እየበላሁ የናቅኳቸው ሰው ከእኔ ይልቅ ለአገሩ የሚሆኑ ነበሩ። ካፖርቱን ግን አልጣልኩትም። ብርድ ነው፤ ሌላ ልብስ የለኝም። ላቃጥለው አንድ ቀን እሳት አጠገብ ወስጄው ነበር፤ መልሼ ለበስኩት።

ይባስ ብሎ ሥራዬ ደራ። አዛዡ ወዶኛል ተብሎ ለጣሊያን የገቡት ሹማምንት ሁሉ ይጠሩኝ ጀመር። ካፖርቱን ለብሼ ኬላ ስደርስ አስካሪው ማሲንቆዬን አይነካም። ጭራ የሚሆን የፈረስ ጅራት እንኳ ከምሽጉ ተሰጠኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ሁለት ዓመት ጠግቤ በልቼ አላውቅም። የእናትን ወገን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ተውኩ። «በናቱስ?» የሚል ሲነሳ ወዲያው ወደ እስክስታ እለውጠዋለሁ፤ ሰው እየጨፈረ ይረሳዋል። «ዘመናዊ ሆነ» ይሉኝ ነበር።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ለቅቆ ሲወጣ ከጮቄ የወረደው ሰው መንገዱን ሞላው። ፀጉራቸው የተንጨፈረረ፣ ልብሳቸው ያለቀ አርበኞች ሲገቡ ሴቱ እልልታውን ያቀልጠዋል። አጎትዬውም በፈረስ ገቡ። እኔ ካፖርቴን ገልብጬ ለብሼ ከሰው ኋላ ተደብቄ ነበር። አንዱ አየኝና «ያውና! በጣሊያን ፊት ስማቸውን የጠራው አዝማሪ ያውና!» ብሎ ጮኸ። እጄን ይዘው እየገፉ ከፈረሱ ፊት አቆሙኝ።

ለካ ያ የእኔ ግጥም ጮቄ ድረስ ወጥቶ ኖሯል። ወጥቶም አድጓል። አዛዡን አፍንጫው ሥር ቆሜ እንደሰደብኩት፣ ሽጉጥ ሲያወጣብኝ እንዳልደነገጥኩ ይወራል። ሰው የፈለገውን ጨምሮበታል፤ ምን እንዳስከተለ ግን ከጮቄ ላይ የሚያውቅ አልነበረም። አጎትዬው የእህታቸውን ልጅ አሳልፎ የሰጠ ብለው ሲፈልጉ የኖሩት ሌላ ሰላይ ነው።

«በጠላት ፊት ስሜን የጠራህ አንተ ነህ?» አሉኝ አጎትዬው።

«አዎን ጌታዬ።»

«ይህን ካፖርት ከማን ገፈፍከው?» አለኝ ከጎናቸው ያለው አርበኛ።

«ከጣሊያን ነው» አልኩ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ አንሥተው ሊሸከሙኝ ምንም አልቀራቸው።

አጎትዬው ከፈረስ ወርደው የለበሱትን በርኖስ አወለቁና ደረቡልኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ «የእህቴ ልጅ ይህን ቀን ሳያይ ቀረ» አሉ። አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ያኔ ነበር። በርኖሱን ተቀበልኩ፤ ጉልበታቸውን ስሜ ማሲንቆዬን አነሣሁና ዘራቸውን ቆጠርኩላቸው፤ በአባታቸውም፣ በእናታቸውም። ያ አንድ ግጥም ሁለት ልብስ አለበሰኝ፤ አንዱን ጠላት፣ ሌላውን ወገን። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚከብድ ማንም አልጠየቀኝም፤ ብጠየቅም አልናገርም ነበር።

በዚያው ዓመት ጣሊያን አግዞ ከወሰዳቸው እስረኞች የተረፉት ሰዎች መመለስ ጀመሩ። እመቤቲቱ በየጊዜው ሰው እየላኩ ያስጠይቁ ነበር። የመጨረሻዎቹ መጥተው ባላባቱ ከመካከላቸው ሲጠፉ ተስፋ ቆረጡ። አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ፤ ተዝካር ብቻ ሊያወጡ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አንድ ቄስ ልከው «ናና ዘሩን ቁጠርለት» አሉኝ።

ልቅር ብዬ ነበር። ሚስቴ «ሂድ» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። በርኖሱን ቤት ትቼ፣ ካፖርቱንም ትቼ፣ ያረጀች ኩታዬን ለብሼ ሄድኩ።

ዳሱ በዚያው ቦታ ነው የተሠራው። ሽማግሌው ሞተዋል አሉ። እመቤቲቱ በከል የነከሩትን ልብስ ለብሰው፣ ጠቁረው፣ ከስተው ከምሰሶው ሥር ተቀምጠዋል። ያን ቀን ክርስትና የተነሣችው ልጅ ሦስት ዓመት አልፏታል፤ ጉልበታቸው ላይ ሆና የማሲንቆዬን ጭራ ለመንካት እጇን ትዘረጋለች። ሰው በልቶ ሲያበቃ እመቤቲቱ በዓይናቸው ጠሩኝ።

«እንደዚያን ቀን አድርገህ ቁጠርለት» አሉኝ።

በአባታቸው በኩል ጀመርኩ። ጎተራውን አነሣሁ፣ ክረምቱን አነሣሁ፣ ሰው ያለቅሳል። አያታቸውን፣ ቅድመ አያታቸውን ጠራሁ፤ የተከሉትን ደብር ጠራሁ። የአባት ወገን አለቀ። ማንም አልጠየቀም፤ ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ለካ እዚህ ያለው ሁሉ ያውቅ ኖሯል። ደብረ ማርቆስ ላይ ሊሸከመኝ ተነሥቶ የነበረ ሰው እንኳ እዚህ ተቀምጦ ፊቴን አያየኝም።

እመቤቲቱ ጠበቁኝ። ከዚያ ቀና ብለው፦

«በናቱስ?» አሉ።

ደጋኑ ጭራው ላይ ነበር። እጄ አልሄደም። ያን በጣሊያን ፊት ሳይጠሩት የወጣ ስም ልጠራ አፌን ከፈትኩ። አጎትዬው በሕይወት አሉ፣ አገሩ ነጻ ነው፣ ጆሮ ጠቢ የለ፣ አስተርጓሚ የለ። ብጠራው ማንም አይሞትም። አልወጣልህ አለኝ። እመቤቲቱ ብዙ ታገሡኝ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

«ያን ቀንም እንዲህ ቢያቅትህ ምን ነበረበት?» አሉኝ።